ከጣና ዳር እስከ ጢስ ዐባይ በብስክሌት

ስለ ባሕር ዳር የሰማ ሰው ሁሉ ሐይቋንና ዘንባባዎቿን ያነሣል። እኛ በውስጧ ያደግን ልጆች ግን ከሁለቱ ቀጥሎ ሦስተኛ ነገር እንጨምራለን፤ ይኸውም ብስክሌት ነው። ከተማችን በሜዳ ላይ የተቈረቈረች በመኾኗ አባት ወደ ሥራው፣ እናት ወደ ገበያዋ፣ ልጅ ወደ ትምህርት ቤቱ በብስክሌት መሄዱ የቈየ ልማድ ነው። ነገር ግን ብስክሌትን ለመመላለሻ ያህል እንጂ አገርን ለማወቂያ የሚያውለው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ እኔና ታላቅ ወንድሜ በጥር ወር 2015 ዓ.ም. በብስክሌት የሄድንበትን መንገድ ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች ለመግለጽ አስቤአለሁ። በዚያውም አያታችን ጠይቀውን እስከ ዛሬ በሚገባ ስላልመለስነው አንድ ጥያቄ እናገራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ መንገዱ ቅርጽ ልናገር። መንገዱ በወረቀት ላይ ሲሣል የ8 ቁጥርን ይመስላል፤ ልዩነቱ ሁለቱ ክቦች በረጅም መሥመር መራራቃቸው ነው። የመጀመሪያው ክብ በከተማው ውስጥ ነው። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተነሥቶ የሐይቁን ዳር በመከተል ወደ ምሥራቅ ይሄድና ዐባይን በድልድይ ይሻገራል፤ ከዚያ ተመልሶ በከተማው መካከል ያልፋል። ሁለተኛው ክብ በጢስ ዐባይ ፏፏቴ ዙሪያ ነው፤ ይህ በእግር የሚኬድ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው መሥመር ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው የጢስ ዐባይ መንገድ ነው። ስለዚህ መንገዱን በሙሉ የሄደ ሰው ከሐይቁ ተነሥቶ፣ ወንዙን ተከትሎ፣ ፏፏቴውን ዞሮ ወደ ሐይቁ ይመለሳል ማለት ነው።

ጕዞአችን ከጥምቀት በኋላ በዋለው ቅዳሜ ነበር። የወንድሜ ብስክሌት ማርሽ ያለው ሲኾን የእኔ ግን የአያታችን የነበረ፣ ማርሽ የሌለው፣ ባለ ከባድ ብረት ብስክሌት ነው። አያታችን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለብዙ ዘመን ሲሠሩ በየቀኑ የተመላለሱት በዚሁ ብስክሌት ነው። ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ ከቤት ስንወጣ በረንዳው ላይ ቆመው፣ «ድምፁን ከየት ጀምራችሁ እንደ ሰማችሁት ልብ በሉ፤ ስትመለሱ ትነግሩኛላችሁ» አሉን። እርሳቸው በ1963 ዓ.ም. ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር በብስክሌት ሲሄዱ ገና ፏፏቴው ሳይታያቸው ከሩቅ እንደ ነጐድጓድ ያለ ድምፅ ይሰሙ እንደ ነበር ብዙ ጊዜ ነግረውናል።

የሐይቁ ዳር በጧት እጅግ ያማረ ነው። ውሃው ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ ዓሣ አስጋሪዎች ከደንገል በተሠሩ ታንኳዎቻቸው ተቀምጠው ይቀዝፋሉ። ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ሲኾን ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። ይሁን እንጂ ስፋቱን አይቶ ጥልቅ ነው ብሎ የሚገምት ይሳሳታል፤ እጅግ ጥልቅ የኾነው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ግልገል ዐባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የሚባሉት ወንዞች ወደ እርሱ ሲገቡ፣ ከእርሱ የሚወጣው ወንዝ ግን አንድ ዐባይ ብቻ ነው። የምድር ጥናት ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅላጭ ድንጋይ በደቡብ በኩል የውሃውን መውጫ ስለ ዘጋው ሐይቁ ሊጠራቀም ችሎአል። ፏፏቴውም ቢኾን ወንዙ ከዚሁ ጥቁር ድንጋይ ላይ የሚወርድበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ሐይቁና ፏፏቴው የአንድ ድንጋይ ልጆች ናቸው ቢባል ስሕተት አይኾንም።

ወደ ዐባይ ድልድይ ስንደርስ ብስክሌታችንን አቁመን ወንዙን ተመለከትን። በዚያን ጊዜ አዲሱ ድልድይ በመሠራት ላይ ስለ ነበረ የተሻገርነው በአሮጌው ነበር። አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው ሲኾን በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፍቶአል። ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መሄጃ ስላለው ዛሬ ይህን ክብ የሚዞር ተማሪ እንደ እኛ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፋ መሻገር የለበትም። ወንዙ በዚህ ስፍራ ሰፊና ዝግተኛ ነው። አንዳንድ ጊዜ ጕማሬ ራሱን ብቅ ሲያደርግ ይታያል። ይህ እንዲህ ዝም ብሎ የሚሄድ ውሃ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ ገደል ዘሎ ይወርዳል ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ከተማውን ዞረን ወደ ጢስ ዐባይ መንገድ የገባነው ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ከዚህ ጀምሮ ወንዙ በስተ ግራ ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አይታይም። አንዳንዴ የዛፎቹ ልምላሜ ብቻ ሄደበትን አቅጣጫ ይጠቁማል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደ የጤፍ ማሳ፣ የበቆሎ አገዳ፣ በመስኖ የሚለማ የጫት እርሻ ይታያል። ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ይነዳሉ፤ ልጆች ከየደጃፉ ወጥተው እየጮኹ ይከተሉናል። መንገዱ ቍልቍለቱ ከዐቀበቱ ስለሚበልጥ መሄዱ ቀላል ነው። እኛ በሄድንበት ጊዜ ጠጠርና አቧራ አላጣንበትም፤ በዚህ ምክንያት ከ3 ሰዓት ተኩል በፊት ልንደርስ አልቻልንም።

አያታችን የነገሩንን አልረሳንም። ወደ ፍጻሜው ስንቃረብ በየኪሎ ሜትሩ እየቆምን ጆሮአችንን ሰጠን። የወፍ ድምፅ፣ የወፍጮ ድምፅ፣ የውሻ ጩኸት ሰማን። የውሃ ድምፅ ግን አልሰማንም። ጢስ ዐባይ ከተማ ገብተን፣ ብስክሌቶቻችንን ከአንዲት ሻይ ከሚያፈሉ እናት ዘንድ በዐደራ አስቀምጠን፣ በእግር ስንወርድም ገና ጸጥታ ነበር።

የእግሩ ክብ የሚጀምረው ከድንጋይ ድልድዩ ነው። ይህ ድልድይ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1626 ዓ.ም. ገደማ የተሠራ ሲኾን ሕዝቡ የፖርቱጋሎች ድልድይ ይለዋል። ዐባይ በዚያ ስፍራ በድንጋይ መካከል ጠብቦ ስለሚያልፍ ያ በድንኳን የሚመሰል ሰፊ ወንዝ ከእግር በታች እንደ ቦይ ኾኖ ይታያል። ከድልድዩ ማዶ ዐቀበቱን ወጥተን ጥቂት ከሄድን በኋላ ፏፏቴው ፊት ለፊታችን ተገለጠ። ከፍታው 40 ሜትር ያህል ነው። በክረምት ማብቂያ ውሃው ከዳር እስከ ዳር 400 ሜትር ያህል ሰፍቶ እንደሚወርድ በጂኦግራፊ ተምረናል። እኛ ያየነው ግን በአንድ ጥግ የሚወርድ ነጭ የውሃ ዘለላና ሰፊ ጥቁር ድንጋይ ነበር። እውነቱን ለመናገር ውበት የለውም አልልም፤ ነገር ግን ጢሱ የለም። ስሙ ጢስ ዐባይ የተባለው ከውሃው መከስከስ የተነሣ በሚወጣው ጉም ነውና፣ ያለ ጢሱ ማየት ስሙን ብቻ አይቶ እንደ መመለስ ኾነብን።

ይህ ለምን እንደ ኾነ ለማስረዳት ሁለት ምክንያቶችን ለይቶ ማየት ይገባል።

አንደኛው ምክንያት ወራቱ ነው። ዝናሙ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ቢኾንም ጣና እጅግ ሰፊ ማጠራቀሚያ ስለ ኾነ የሚሞላው ቀስ ብሎ ነው። የውሃው መጠን ከፍተኛ ደረጃ የሚደርሰው በመስከረም ነው፤ ወደ ዐባይ የሚፈሰውም በመስከረምና በጥቅምት ይበረታል። ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ሄዶ በግንቦት ገደማ እጅግ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በጥር የሄደ ሰው፣ ማንም ሰው ወንዙን ባይነካው እንኳ፣ የጥቅምትን ውሃ አያገኝም። አያታችን የሄዱት በጥቅምት መኾኑን የነገሩን ከተመለስን በኋላ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ኤሌክትሪክ ነው። በፏፏቴው አጠገብ ሁለት የኀይል ማመንጫዎች አሉ። የመጀመሪያው በ1956 ዓ.ም. የተሠራ ሲኾን ዐቅሙ 11.4 ሜጋዋት ነው። ሁለተኛው በ1993 ዓ.ም. የተከፈተ ሲኾን ዐቅሙ 73 ሜጋዋት ነው። ሁለቱም ውሃውን ከፏፏቴው በላይ በቦይ ወስደው፣ በማሽኑ ካሳለፉት በኋላ ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመልሱታል። ከዚህም ሌላ በ1988 ዓ.ም. ከሐይቁ መውጫ አጠገብ ጨረጨራ በተባለው ቦታ ውሃውን የሚቈጣጠር ግድብ ተሠርቶአል።

ነገሩን በፊዚክስ ትምህርታችን እናስላው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 50 ሜትር ያህል ቢወድቅ የሚሰጠው ጕልበት 1,000 በ9.8 በ50 ሲባዛ 490,000 ጁል ይኾናል። ታዲያ 73 ሜጋዋት ለማግኘት፣ ምንም ብክነት የለም ብንል እንኳ፣ በየሴኮንዱ 150 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ያስፈልጋል። ከጣና በዓመት የሚወጣው ውሃ በአማካይ ከ4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ጥቂት ያነሰ ነው፤ ይህም ለሴኮንድ ሲካፈል 120 ሜትር ኩብ ገደማ ይመጣል። እንግዲህ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። ሁለተኛው ማመንጫ ብቻውን በሙሉ ዐቅሙ ቢሠራ ሐይቁ በአማካይ ከሚሰጠው ይበልጥ ይጠጣል፤ ለፏፏቴው የሚተርፈው ትርፍ ውሃ ባለበት ወቅት ብቻ ነው። በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋዋት ዐቅም ያለው የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ በምዕራብ በኩል ውሃ በዋሻ ወስዶ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የጢስ ዐባይ ማመንጫዎች እንደ ቀድሞው ያለ ዕረፍት የሚሠሩ አይደሉም፤ ነገር ግን ለበለስ የሚሄደውም ውሃ ቢኾን ከዚያው ከአንዱ ሐይቅ የሚቀዳ ነው።

ይህን ስል ኤሌክትሪኩን ለመንቀፍ አይደለም። አያታችን የሠሩበት ፋብሪካ ማሽኖቹ ይዞሩ የነበረው በመጀመሪያው ማመንጫ ኀይል ነበር። አባታችን በአያታችን ደመወዝ ተማረ፤ እኔም ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በመብራት ነው። ስለዚህ ከፏፏቴው የጐደለው ውሃ ጠፍቶ የቀረ አይደለም፤ ከፊሉ በቤታችን ውስጥ አለ። ነገር ግን አንድ ነገር ሲወሰድ ምን እንደ ተወሰደ ማወቅ ይገባል። እኔ ይህን ከመጽሐፍ ብማረውም የገባኝ ያን ዕለት ጥቁሩን ድንጋይ ሳይ ነው።

ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ ተሻግረን ክቡን ከዘጋን በኋላ በ7 ሰዓት ወደ ባሕር ዳር ተነሣን። የመንገዱ ፈተና የጀመረው ገና አሁን ነው፤ ምክንያቱም ጧት የረዳን ሁሉ ከሰዓት በኋላ ተቃወመን። ቍልቍለቱ ዐቀበት ኾነ፤ ፀሓይዋ በረታች፤ ነፋሱም ከፊት መጣብን። የነፋሱ ምክንያት እንዲህ ነው። በቀን የብሱ ከውሃው ፈጥኖ ይሞቃል። በየብሱ ላይ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ሲወጣ በሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ለመያዝ ወደ የብስ ይነፍሳል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ስለ ኾነች፣ ከጢስ ዐባይ የሚመለስ ብስክሌተኛ ከሰዓት በኋላ ይህን ነፋስ በደረቱ ይቀበለዋል። ማርሽ የሌለው ብስክሌት ለነዳሁት ለእኔ ይህ ትምህርት በጕልበቴ የተጻፈ ነው።

በመካከሉም የግራር እሾኽ የኋላ ጎማዬን ወጋው። ወንድሜ ኮፐርቶኑን በማንኪያ እጀታ ፈልቅቆ ካላማዳሪውን አወጣ፤ ነፍቶ በጆሮው ቢያዳምጥም ቀዳዳውን አላገኘውም። አንድ ገበሬ በጆግ ውሃ ሰጡንና ካላማዳሪውን ብንነክረው አረፋ ወጣ። ቦታውን አድርቀን፣ በአሸዋ ወረቀት ፍቀን፣ በማስቲሽ ለጥፈን እንደ ገና ተነሣን። ቤት የደረስነው በ11 ሰዓት ነው።

አያታችን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። «እሺ ልጆቼ፣ ከየት ሰማችሁት?» አሉ። እኔና ወንድሜ ተያየን። ወንድሜ፣ «አባባ፣ እስክናየው ድረስ አልሰማነውም» አላቸው። አያታችን ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፣ «ወሩ አይደለም፤ በጥቅምት ሂዱና ስሙት» አሉን። እኛም በሚመጣው ጥቅምት እንደምንሄድ ቃል ገባን።

ይህን ቃል አልፈጸምነውም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ከከተማ ርቆ በብስክሌት መሄድ የሚታሰብ አልነበረም። ከዚያ በኋላም ወላጆቻችን አልፈቀዱልንም፤ በዚህም አንወቅሳቸውም። በእነዚህ ዓመታት እኔ የምዞረው የከተማውን ክብ ብቻ ነው። ከድልድዩ ላይ ቆሜ ወደ ጢስ ዐባይ የሚሄደውን ውሃ አያለሁ። በየጥቅምቱ አያታችን፣ «ሄዳችሁ ሰማችሁን?» ሲሉን፣ «ገና ነው አባባ» እንላቸዋለን።

መንገዱን ለመሄድ ለሚያስብ ጓደኛ የሚከተሉትን እመክራለሁ።

አንደኛ፣ የመንገዱን ደኅንነት የሚያውቁ ሰዎችን ሳትጠይቅና ወላጆችህን ሳታስፈቅድ ከከተማ አትውጣ። እስከዚያው የከተማውን ክብ ዙር፤ እርሱም ብቻውን ብዙ ያስተምራል።

ሁለተኛ፣ ብቻህን አትሂድ። ጎማ ሲተነፍስ አንዱ ሲሠራ ሌላው ብስክሌቱን ይይዛል።

ሦስተኛ፣ ከመነሣትህ በፊት ፍሬኑን፣ ካቴናውንና ራጂዎቹን መርምር። መንፊያ፣ ማስቲሽ፣ የካላማዳሪ ቍራጭና የአሸዋ ወረቀት ያዝ፤ በመንገድ ላይ ጎሚስታ አገኛለሁ ብለህ አትመን።

አራተኛ፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ፣ ዳቦና ቆሎ ይበቃል። ባርኔጣ አትርሳ።

አምስተኛ፣ በማለዳ ተነሥ፤ ለመመለሻው ከመሄጃው የበለጠ ጊዜና ጕልበት አስቀር።

ስድስተኛ፣ ከተቻለህ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ሂድ።

በመጨረሻ ለማለት የምፈልገው ይህ ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው ሐይቁን አንድ ነገር፣ ፏፏቴውን ሌላ ነገር አድርጎ ያያል። በብስክሌት የሄደ ሰው ግን ሁለቱ አንድ ውሃ መኾናቸውን በእግሩ ይለካዋል፤ በሐይቁ ላይ የሚደረገው ሁሉ በፏፏቴው ላይ እንደሚታይም ይረዳል። እኔ በዚህ ዓመት ትምህርት ቤታችንን ተሰናብቼ እወጣለሁ። የአያታችን ብስክሌት ግን አሁንም ይሠራል፤ ካቴናውን ዘይት ቀብቼ አስቀምጬዋለሁ። ከእናንተ መካከል ከእኔ ቀድሞ በጥቅምት ጢስ ዐባይ የሚደርስ ቢኖር ድምፁን ከየት ጀምሮ እንደ ሰማው ልብ ብሎ ይንገረኝ። ለአያታችን የምመልሰው መልስ አለኝና።